እግራቸውን የሚያፍታቱ ሰዎች

በከተማው ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅላት የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ እሷ «ከማን ጋር» ናት። በገበያው መሐል ስታልፍ «ከማን ጋር መጣች» ይባላል፤ ለማያውቅ ሰው ጥያቄ ይመስለዋል፣ ለሚያውቅ ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። በጤና ጽሕፈት ቤቱ የተላላፊ በሽታዎች ቅኝት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ክፍሉ ሲባል አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ እንቢ ብሎ የማይዘጋ መሳቢያ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የከተማው ካርታና እሷ ማለት ነው። ጤና ጣቢያዎቹ ሽፍታ የወጣበት፣ ተቅማጥ ያጣደፈው፣ ትኩሳቱ ያላማረ ሰው ሲመጣባቸው ይደውሉላታል። እሷም ደብተሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ የሰውየውን በር ታንኳኳለች። ከዚያ በኋላ የምትጠይቀው ይታወቃል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከማን ጋር ነበርክ? ከማን ጋር በላህ? ከማን ጋር በአንድ መኪና ተሳፈርክ? መልሱን እየተከተለች ከቤት ቤት ትዞራለች፤ ካርታው ላይ ባለ ቀይ ራስ ስፒል ትሰካለች፤ ስፒሎቹ አንድ ሠፈር ሲከማቹ ውሃውን ታስመረምራለች፣ ጉድጓዱን ታስከድናለች፣ ክትባት ታስመጣለች። አንድ ዓመት አርባ ሰው የጣለ ተቅማጥ ተከታትላ ተከታትላ፣ አንዲት የተሰነጠቀች ቧንቧ ላይ ደርሳበታለች። ሰው ግን ቧንቧዋን አያነሳላትም። የሚያነሳው፣ ቧንቧዋ እስክትገኝ ድረስ ስንቱ ባል የት እንዳመሸ ሚስቱ ፊት እንዲናገር መገደዱን ነው።

ያን ሰሞን ሥራ ቀዝቅዞ ነበር። በሳምንታዊው ሪፖርት ላይ ዜሮ በዜሮ ላይ እየደረደረች ትልካለች። ከደረሳት ወረቀት ሁሉ ወዝ ያለው አንድ አቤቱታ ብቻ ነበር። በድሮው ሳሙና ፋብሪካ አጠገብ የሚኖሩ አሥራ አንድ ሰዎች ፈርመው፣ ባዶው መጋዘን ውስጥ አንዲት ላም እየተሰቃየች መሆኑን፣ ምጥ ይሁን እብደት እንዳልታወቀ፣ ብቻ ድምጿ ሕፃናትን እያስበረገገ መሆኑን አመልክተዋል። የላም ነገር እሷን ስለማይመለከት ማኅተም አሳርፋ ለእንስሳት ሐኪሙ መራችው፤ ረሳችውም።

ሰኞ ጠዋት ከጤና ጣቢያ ተደወለ። ልብስ ሰፊው ሁለት ጉንጩ አብጦ መጥቷል፤ ነርሷ ጆሮ ደግፍ ነው ብላ ጠርጥራለች። ነገሩ «ከማን ጋር»ን ገረማት። ጆሮ ደግፍ አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ቤት ነው የሚጫወተው። ልብስ ሰፊው ደግሞ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ካገባ ገና ሦስት ወሩ፣ ቤቱ ውስጥ ልጅ የሚባል የለም። ማክሰኞ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አበጡ። ሐሙስ ዳኛው።

ሦስቱን ስፒሎች ካርታው ላይ ሰካችና ወደ ኋላ ሸሸት ብላ አየቻቸው። አንዱ ሰሜን ጫፍ፣ አንዱ ደቡብ ጫፍ፣ አንዱ መሐል። ከአጠገቧ ባለው ክፍል የሚሠራውን የላብራቶሪ ባለሙያ ጠርታ አሳየችው። ይህ ሰው በቀን ከሃያ ቃል በላይ አያወጣም፤ ቃሉንም እንደ ናሙናው በጠብታ ነው የሚሰጠው።

«ምንድን ነው የሚያገናኛቸው?» አላት።

«ምንም።»

ትንሽ አሰበና፣ «ምንም የሚባል ነገር ምራቅ የለውም» ብሎ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሰ።

እውነቱን ነው። ጆሮ ደግፍ በምራቅና በትንፋሽ ነው የሚሄደው፤ አንድ ሰው ከተያዘ በኋላ ጉንጩ እስኪያብጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ከዛሬ ወደ ኋላ ቆጥራ፣ እነዚህ ሦስት ሰዎች የዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ ምራቃቸው የት እንደ ተገናኘ ማወቅ ነበረባት።

ከልብስ ሰፊው ጀመረች። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጋደመ፣ ጉንጮቹ ጆሮዎቹን ወደ ላይ ገፍተዋቸው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ቀን በቀን ጠየቀችው፤ ቀን በቀን መለሰ። ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ። ማክሰኞና ሐሙስ ላይ ሲደርሱ ግን ዓይኑ ሚስቱ ወዳለችበት ጓዳ ሄዶ ተመለሰና፣ ከሥራ በኋላ እግሩን ለማፍታታት ወጣ እንደሚል ነገራት። ከማን ጋር? ብቻውን። ጻፈች።

ርዕሰ መምህሩ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ቀጥ ብለው ተቀብለው አስተናገዷት። ማኘክ ስላልቻሉ ሾርባ በማንኪያ እየወሰዱ፣ የተጠየቁትን በቁጥር እየከፋፈሉ መለሱ። ማክሰኞና ሐሙስስ? እግራቸውን ያፍታታሉ። እሷ ጉልበታቸውን አየች፤ ከወንበሩ ጎን የተደገፈውን ምርኩዝ አየች።

«የቱን እግርዎን?» አለቻቸው።

ርዕሰ መምህሩ ወደ ሾርባቸው አጎነበሱ።

ዳኛው ፒጃማ ለብሰውም ችሎት ላይ ያሉ ነበር የሚመስሉት። ጥያቄዎቿን አንድ በአንድ ሰምተው፣ ግማሾቹን ከጉዳዩ ጋር አግባብነት የላቸውም ብለው ውድቅ አደረጉ። በሽታው አግባብ የሚባል ነገር እንደማያውቅ በትሕትና አስረዳቻቸው። እሳቸውም ቢሆኑ ማክሰኞና ሐሙስ እግራቸውን የሚያፍታቱ ሆነው ተገኙ። ግራ ያጋባት ግን ሌላ ነው። ያበጠ ሰው ሁሉ መስታወት ይሸሻል፤ ዳኛው ግን ጉንጫቸውን እንደ ጢም ይደባብሱታል።

«ይህ እብጠት ይዘልቃል?» ብለው ጠየቁ።

«አይጨነቁ፤ ቢበዛ ሳምንት አሥር ቀን ነው፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።»

የዳኛው ፊት ጠቆር አለ። እንዲህ ያለ የምሥራች ነግራው ያዘነ ታማሚ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አጋጥሟት አያውቅም። ከመውጣቷ በፊት አንድ ነገር ደግሞ አየች፤ ከንፈራቸው መሐል ላይ ክብ፣ የቀላ፣ ቁልፍ የሚያህል ምልክት። ልብስ ሰፊውና ርዕሰ መምህሩም እንዲሁ ዓይነት ነበራቸው። ደብተሯ ላይ ሥዕሉን ሣለችው።

ለሦስቱም ካበጡ ጀምሮ አምስት ቀን ከቤት እንዳይወጡ አዘዘች፤ የላብራቶሪ ባለሙያው ከጉንጫቸው ውስጥ በጥጥ ናሙና ወስዶ ወደ ትልቁ ላብራቶሪ ላከ። እሷ ደግሞ ከሦስቱ ጋር የተገናኘውን ሰው ስታስስ ሰነበተች። የርዕሰ መምህሩ ቀላል ነበር፤ የተማሪዎቹን የክትባት ካርድ አስመጥታ ሁለት ቀን ስታገላብጥ ዋለች። የዳኛው ግን ሌላ ጣጣ ነበረው። በዚያ ሳምንት ችሎት ፊታቸው ለቆመው ባለጉዳይ ሁሉ መደወል ነበረባት። አንድ በአጥር ክርክር የተረታ ሰው፣ ከዳኛው ጋር ቅርብ ግንኙነት ነበረህ ወይ ስትለው፣ ቅርብማ ቢሆኑ መቼ ይፈርዱበት ነበር ብሎ መለሰላት። ምናልባት በሽታ ሊይዘው እንደሚችል ስትነግረው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አጥሬንም ወሰዱ፣ በሽታም ጨመሩልኝ» አለ። «በዚህኛውስ ይግባኝ ይባላል?»

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የደብተሩን ሥዕል አይተው ወዲያው ፈረዱ። ከንፈር ላይ ያለ ክብ የጠርሙስ አፍ ነው፤ ሰዎቹ ተደብቀው ከአንድ ጠርሙስ እየተቀባበሉ ይጠጣሉ፤ አለቀ። እሷ ግን አልተዋጠላትም። ርዕሰ መምህሩ በሐኪም ትእዛዝ ከመጠጥ የራቁ ናቸው፤ ዳኛው ደግሞ የራሳቸውን ብርጭቆ እንኳ ሁለት ጊዜ ካላስታጠቡ ውሃ አይጠጡም።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ነገሩ ቤቷ ገባ።

ባሏ ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው። ረጋ ያለ፣ ጋዜጣ ከራስጌው እስከ ግርጌው የሚያነብ፣ የተሰበረ ነገር ካየ ሳይጠግን የማይተኛ ሰው። የዚያን ዕለት ወፍራም ፎጣ እስከ ጆሮው ድረስ ተጠቅልሎ፣ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየዘፈቀ እንደ ጥርስ አልባ ሲምግ አየችው። ምን ሆነሃል ስትለው ንፋስ መትቶኝ ነው አለ። እሷ ደግሞ ዝርዝሯ ላይ አጎንብሳ፣ ለንፋስ የሚሆን መድኃኒት እያዘዘችለት፣ በዚያው አለፈችው። ሁለተኛውን ዳቦ ሲያነሳ ነው እጇ ቀጥ ያለው። ማክሰኞ። ሐሙስ። ሁለት ወር ሙሉ ይህ ሰው ከዚህ ቤት ሲወጣ «እግሬን አፍታትቼ ልምጣ» ሲላት ቆይቷል።

ተነሥታ ፎጣውን ገለጠችው። ሁለቱም ጉንጮች ተወጥረዋል። ከንፈሩ ላይ ክቡ ምልክት አለ።

አልጮኸችም። ወደ መኝታ ቤት ሄደች፣ የሥራ ቦርሳዋን ይዛ ተመለሰች፣ የጉዳይ ምርመራ ቅጹን ከጨውና ከስኳሩ መሐል ዘረጋችው፣ መነጽሯን አደረገች።

«ሙሉ ስም?»

«ምን ማለትሽ ነው አንቺ?»

«ሙሉ ስም።»

ነገራት። ጻፈች።

«ዕድሜ?»

ባሏ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ስንጋባ የነገርኩሽን ነው ወይስ ትክክለኛውን?»

እስክሪብቶዋ አየር ላይ ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል። ይህንን ለሌላ ቀን እንደምታቆየው ነግራው፣ ትክክለኛውን አስሞላችው፤ በሦስት ዓመት በለጠ። ከዚያ ወደ ዋናው ጥያቄ መጣች። ማክሰኞና ሐሙስ ከማን ጋር ነበርክ? ባሏ የዳቦውን ፍርፋሪ መልቀም ጀመረ። እንደገና ጠየቀችው። ለሰዎች ቃል ሰጥቻለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም አላት። የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ፣ መጠጥም ቁማርም ሴትም እንደሌለበት ማለ። የሚቀረው ምንድን ነው ብላ ብታፋጥጠው፣ ጉንጩ እያመመው ፈገግ አለና ፎጣውን መልሶ ተጠቀለለ።

የከተማው ሰው ሁሉ ስለ እሷ የሚያወራውን ታውቃለች። በር የምታንኳኳ፣ ባልና ሚስት የምታፋጥጥ ይሏታል። ያን ቀን ግን ገበታው ማዶ የተቀመጠው የገዛ ባሏ ነው፤ ቅጹ ላይ «አይታወቅም» ብላ ጻፈች። የተናደደች መስሏት ነበር። ሰሃኖቹን ስታጥብ ግን ቁጣ ሳይሆን ቅያሜ መሆኑ ገባት። እሷ ስለ ሌላው ሰው ሁሉ እየጠየቀች ስትዞር፣ እሱ ሁለት ወር ሙሉ ሳትጠይቀው ወጥቶ ገብቷል።

እሑድ ልብስ ሰፊውን ለክትትል ልታይ ሄደች። እብጠቱ መጉደል ጀምሯል፤ እሱ ግን ካለፈው ይልቅ ተጨንቆ ጠበቃት። ሚስቱን ውሃ አምጪ ብሎ አስወጣና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ የሰማው ነገር እንዳለ፣ እውነት ይሁን ውሸት ግን እንደማያውቅ ገለጸላት።

«ወደ ታች ይወርዳል ይባላል፣ እትዬ።»

«የቱ ወደ ታች?»

ልብስ ሰፊው በሜትሩ ጫፍ ግምታዊ አቅጣጫ አመለከተ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህንን ይዞ ምስጢሩን ያስለፈልፈው ነበር። ከማን ጋር ግን በሕመም አታስፈራራም፤ ይህ የሥራዋ ክብር ነው። ያለውን ነገረችው። አንዳንድ ጎልማሳ ወንድ ላይ የዘር ፍሬ ማበጥ እንደሚያስከትል፣ ሕመም ከተሰማው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም እንዲሄድ፣ ያም ቢሆን አብዛኛው ሰው ድኖ ልጅ እንደሚወልድ። ካበጠ ስድስት ቀን ሆኖታልና እስከ አሁን ካልተሰማው ደግ ምልክት ነው። ልብስ ሰፊው ትንፋሹን ለቀቀው። አመስግኖ አላባራ አለ። ደብተሯን አጥፋ ስትነሣ፣ ውለታዋን በምን እንደሚመልስ ያጣ ሰው ሆኖ እጇን ያዛት።

«ዕቃ ነው» አላት በሹክሹክታ። «ባፍ የሚያዝ ዕቃ።»

«ሲጋራ?»

«አይደለም።»

«ጠርሙስ?»

«አይደለም እትዬ። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ የድሮው ሳሙና ፋብሪካ መጋዘን ይሂዱ። እኔ ግን ምንም አልነገርኩዎትም።»

መንገድ ላይ ስትደርስ ነው ያቺ ላም ትዝ ያለቻት።

ማክሰኞ ጓንት፣ የፕላስቲክ ከረጢትና የናሙና ጥጥ ይዛ ሄደች። መጋዘኑ ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለ፣ ግድግዳው እንደ ምሽግ የወፈረ ቤት ነው። ሃምሳ ርምጃ ሲቀራት ሰማችው። አቤቱታውን በፈረሙት ሰዎች አልፈረደችባቸውም። አንድ ነገር ከውስጥ በረጅሙ ያጓራል፣ መሐል ላይ ይሰነጠቃል፣ ትንፋሽ አጥሮት ይቆማል፣ ከዚያ እንደገና ከባሰ ቦታ ይነሣል። በሩን ገፋችው።

ስምንት ሰዎች በሰልፍ ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው፣ የተገለበጠ የሳሙና ሳጥን ላይ፣ ከፖሊስ ማርሽ ባንድ ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ወታደር ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ ያለው ሰው አንዲት ጡሩምባ አፉ ላይ ደቅኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ይነፋል። ሲጨርስ የጡሩምባዋን አፍ በመሐረብ ጠረግ አደረገና ለሚቀጥለው አቀበለው። የሚቀጥለውም ነፍቶ፣ በዚያው መሐረብ ጠርጎ፣ ለሦስተኛው። ሦስተኛው ሰው የእንስሳት ሐኪሙ ነበር።

ሐኪሙ ዓይኑን ሲገልጥ ከማን ጋርን አያት። ጡሩምባዋን ከአፉ አወረዳት።

«ያቺን ላም ምን አደረስካት?» አለችው።

«በክትትል ላይ ነን» አለ ሐኪሙ።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተዘረገፈ። ሐኪሙ አቤቱታው እንደ ደረሰው ቦርሳውን ይዞ፣ ላሟን ለማዋለድ ተዘጋጅቶ መጥቶ ነበር። ሰዎቹ እንዳያጋልጣቸው ለመኑት፣ አንድ ጊዜ ሞክር ብለው ጡሩምባዋን ሰጡት፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣም። ሽማግሌው ሲያስተምሩ ከርመዋል፤ ጡሩምባዋ አንዲት ናት፤ ተማሪዎቹ አሥራ ሁለት። ምስጢር ያደረጉት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምክንያት ነው። ዳኛው የሚፈርድ አፍ እንዲህ ሲያጓራ ከተሰማ ማን ያከብረዋል ብለው ነው። ርዕሰ መምህሩ ሃያ ዓመት ሙሉ ከተማሪ ኪስ ፊሽካ ሲነጥቁ ኖረዋል። ልብስ ሰፊው ሙሽራ ነው፤ ሳይለምደው እንድትሰማው አልፈለገም።

«ከእናንተ መጀመሪያ ያበጠው ማን ነው?» አለች ከማን ጋር።

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ። ሽማግሌው አላመነቱም። ከዛሬ አንድ ወር ገደማ በፊት፣ ልጃቸው የልጅ ልጆቻቸውን ይዛ ጠይቃቸው በተመለሰች በሁለት ሳምንት ከምናምኗ፣ ሁለት ጉንጫቸው አበጠ። እሳቸውም አልተደነቁም። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሰው መንፋት ስለ ጀመሩ የድሮ ጉንጫቸው የመጣላቸው መሰላቸው። በማርሽ ባንዱ ውስጥ ሳሉ አለቃቸው እንዲህ ዓይነት ጉንጭ ነበረው።

«ተማሪዎቼንም፣ ከበረታችሁ ለእናንተም ይወጣላችኋል አልኳቸው፣ ልጄ።»

«ልብስ ሰፊው ሲያብጥ ቀናንበት» አለ ሐኪሙ። «ዳኛውማ በየማለዳው በመስታወት ሲጠባበቁ ነው የከረሙት። በመጨረሻ ሲወጣላቸው ስልክ ደውለው ነገሩን፤ እኛም በስልክ አጨበጨብንላቸው።»

ከማን ጋር ባዶ ሳጥን ፈልጋ ተቀመጠች። ደብተሯን ፊቷ ላይ አስጠግታ የሆነ ነገር የምትጽፍ መሰለች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ አስቸገራት። ጥቂት ቆይታ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ወደ ሥራዋ ገባች። ጡሩምባዋን አስረከቧት፤ ሽማግሌው በሁለት እጃቸው፣ እንደ ማዕረግ ዕቃ ነው የሰጧት። በከረጢት አድርጋ ቀንና ሰዓት ጻፈችበት። መሐረቡን በሌላ ከረጢት። ከዚያ አንድ በአንድ እየጠራች፣ በልጅነቱ ጆሮ ደግፍ የያዘውንና ያልያዘውን ለየች። ያልያዛቸው ሦስት ሳምንት ራሳቸውን እንዲጠብቁ፣ ብርጭቆና ማንኪያ እንዳይጋሩ፣ ሰው የሚበዛበት ቦታ እንዳይሄዱ፣ ጉንጫቸው ጠጠር ቢል ጭብጨባ ሳይጠብቁ እንዲደውሉላት ነገረቻቸው። ትምህርቱ እስከ ሌላ ትእዛዝ ታገደ።

ሐኪሙ እስከ በሩ ሸኛትና አንድ ነገር ለመናት። ሪፖርቱ ላይ ጡሩምባ የሚለው ቃል እንዳይገባ። ሽማግሌው ከኋላ ሰምተው፣ ጡሩምባ የመኪና ነው፣ ይኼ ትራምፔት ነው ብለው አረሟቸው።

የታማሚ ምስጢር መጠበቅ ግዴታዋ ስለ ሆነ ልመናው አላስፈለጋትም ነበር። ቅጹ ላይ «የመተላለፊያ መንገድ» በሚለው ፊት «በጋራ የሚጠቀሙበት፣ በአፍ የሚያዝ ዕቃ» ብላ ጻፈች። ኃላፊው አንብበው፣ ጠርሙስ እንደሆነ ነግሬሽ ነበር አይደል አሏት። እንዲያ እንዲያስቡ ተወቻቸው። በማግሥቱ የናሙናው ውጤት መጣ፤ ጆሮ ደግፍ መሆኑ ተረጋገጠ።

ያን ማክሰኞ ግን ከመጋዘኑ ወደ ቤቷ ስትመለስ ባሏ በረንዳው ላይ፣ ፎጣውን አውልቆ ተቀምጦ ነበር። ፊቷን ሲያይ ማወቋን አወቀ። ከአጠገቡ ተቀመጠች። ዳኛውም፣ ርዕሰ መምህሩም፣ ሌሎቹም ምክንያት እንዳላቸው ሰምታለች፤ የእሱን ግን ማንም አልነገራትም።

«ከእኔ ለምን ደበቅኸው?»

ባሏ ነገሩን ከሥሩ ጀመረ። ሳይጋቡ፣ ገና ሲተያዩ፣ አንድ ቀን ወንዙ ዳር ዋሽንት ነፍቶላት ነበር። እሷ ሳቀች። እንደ ሰው አልነበረም አሳሳቋ፣ ድንጋይ ተደግፋ ነው የሳቀችው። እሱም አብሮ ሳቀ፣ ዋሽንቱንም ቤቱ ሲደርስ ለጎረቤት ልጅ ሰጠው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነው።

ከማን ጋር አሰበች፤ አሰበች። ወንዙ ትዝ አላት፣ የለበሰችው ቀሚስ ትዝ አላት። ዋሽንቱ ግን ፈጽሞ አልመጣላትም። የማንንም የሁለት ሳምንት ውሎ በሰዓት ከፋፍላ የምታስታውሰው ሴት፣ ይህን አንድ ቀን ጥላዋለች። አላስታውሰውም ብላ እውነቱን ነገረችው። ይቅርታም ጠየቀች፤ ይቅርታ መጠየቅ ብዙም አይሆንላትምና ቃሉ ሁለት ጊዜ ተሰናከለባት። ባሏ ጉንጩ እያመመው ምንም አይደለም አለ። ከዚያ ደግሞ ስለ ሦስቱ ዓመት አነሣችበት፤ በዚህኛው ይቅርታ መጠየቅ የእሱ ተራ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዎች ብቻ አበጡ፤ የእንስሳት ሐኪሙና አንድ የአውቶቡስ ሾፌር። ሁለቱም ጠጠር ሲላቸው ወዲያው ደወሉ፤ ቤታቸውም ተቀመጡ። ከትምህርት ቤቱ ልጆች አንድም የታመመ የለም፤ የአብዛኞቹ ካርድ የተሟላ ነበር፣ ክትባት የጎደላቸውም ዘጠኙ ተከተቡ። ባለ አጥሩ ሰውዬ አልታመመም፤ ይግባኙን ግን በአጥሩ ላይ አስገብቷል። ከማን ጋር ከመጨረሻው ታማሚ በኋላ ሃምሳ ቀን ቆጠረች፤ በሽታው ተደብቆ የሚቆይበትን ረጅሙን ጊዜ ሁለት እጥፍ ማለት ነው። ሃምሳኛው ቀን ሲያልፍ ስፒሎቹን ከካርታው ላይ ነቅላ ወረርሽኙን ዘጋች። ከክልሉ የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ ኃላፊው በፍሬም አድርገው የራሳቸው ቢሮ ውስጥ ሰቀሉት።

ትምህርቱ እንዲከፈት ከመፍቀዷ በፊት ግን ለምርመራ ወደ መጋዘኑ ሄደች። እያንዳንዱ ሰው የራሱን የጡሩምባ አፍ ገዝቷል፤ በየራሱ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ ስሙን ጽፎ አስቀምጧል። ዳኛው ሁለት ነው የገዙት። አፎቹ የሚቀቀሉበት ውሃ በድስት ተጥዷል፣ መሐረብ ተከልክሏል የሚል ማስታወቂያ በርዕሰ መምህሩ የእጅ ጽሑፍ ተለጥፏል። ጉድለት አጣችላቸው። ልትሄድ ስትል ሽማግሌው፣ ትንሽ ብትቀመጪልን፣ የለመድናት አንዲት ዜማ አለች አሏት።

ተቀመጠች። በየተራ ነፉ። ርዕሰ መምህሩ መሐል ላይ ጠፍተው እንደገና ጀመሩ። ልብስ ሰፊው አሁን ሚስቱን ይዞ ስለ መጣ አብዝቶ ተጠነቀቀና ድምፁ ሳይወጣ ቀረ። ባሏ በመጨረሻ ተነሣ። ወደ እሷ አላየም። የራሱን አፍ ከሣጥኑ አውጥቶ ገጠመ፣ ደረቱን ነፋ፣ ጀመረ። ጥሩ አልነበረም። ግን ከላም በጣም የራቀ፣ ወደ ዜማ የሚጠጋ ነገር ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ፣ ለሦስት አራት ድምፅ ያህል፣ እውነተኛ ሆነ። ከማን ጋር ደብተሯን ጭኗ ላይ አጥፋ፣ እስኪጨርስ ሰማችው።

ወደ ቤት አብረው በእግር ተመለሱ። ሳሙና ፋብሪካውን አልፈው፣ ፖስታ ቤቱን አልፈው፣ ወደ ሠፈራቸው መታጠፊያ ሲቃረቡ ነው ባሏ የጠየቃት። እንዴት ነበር?

ትንሽ አሰበች።

«ሁለተኛው ዙር ላይ ቸኩለሃል» አለችው። «ትንፋሽህን ቀደም ብለህ ብትስብ፣ እዚያ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ አያጥርህም ነበር።»

ባሏ መንገዱ መሐል ቆሞ አያት። ከዚያ እጇን ይዞ፣ እዚያ ከፍ የሚለው ቦታ የቱን ማለቷ እንደሆነ እየጠየቃት፣ እሷም በአፏ እያዜመች እያሳየችው ሄዱ።